ጥያቄ ምልክት ያላት ጥርስ

እ.ኤ.አ. በ2007 በፖላንድ የሚታተም አንድ የቅሪተ አካል ጥናት ጆርናል ሰባት ገጽ የሆነች ጽሑፍ አወጣ። ጸሐፊዎቹ ስድስት ናቸው፤ የሚያወሩት ስለ አንዲት ጥርስ ነው። ርዕሱን ወደ አማርኛ ስመልሰው «ከኢትዮጵያ የተገኘ የመጀመሪያው የጁራሲክ ዘመን አጥቢ እንስሳ» ይላል። መሃል ላይ ግን ቅንፍ ይከፈትና የአንድ የጥንት አጥቢዎች ወገን ስም ይገባል፦ ፔራሙራ። ከስሙ በፊት አንዲት ጥያቄ ምልክት አለች። «ፔራሙራ ነው» አላሉም። «ፔራሙራ ይሆን?» ነው ያሉት።

እኔ ጂኦሎጂስት አይደለሁም። መጻሕፍት አንብቤ የታየኝን የምጽፍ ሰው ነኝ፤ ይህችንም ያነበብኳት እንደ ማንኛውም ጽሑፍ ነው። (ኢንተርኔት ላይ በነጻ አለች፤ የምትበላው ዳታ ብቻ ነው።) አንብቤ ስጨርስ ከአእምሮዬ አልወጣ ያለው ርዕሷ ነበር። አንድ ርዕስ ውስጥ ሁለት ኃይሎች ይጓተታሉ። «የመጀመሪያው» የሚለው ቃል ደረቱን ነፍቶ ይገባል፤ ጥያቄ ምልክቷ ደግሞ ከኋላ መጥታ «ኧረ ቀስ በል» ትለዋለች።

የምከራከረው ነገር አጭር ነው። እኛ ስለ ጥንታችን ስናወራም ስንጽፍም «የመጀመሪያው»ን እናነሳለን፣ ጥያቄ ምልክቷን መንገድ ላይ እንጥላለን። ከዳይኖሰሮች ዘመን የቀረልን አለት ግን ያለ እሷ አይነበብም። ብዙዎቻችን በአገራችን የዳይኖሰር ቅሪት መገኘቱን እንኳ ሳንሰማ ያደግነው ከዚህ የተነሳ ይመስለኛል።

ጭቃው

ጥርሷ የወጣችው የሙገር ጭቃ ድንጋይ ከሚባል የአለት ንብርብር ነው። ሙገር ሲባል ለአብዛኞቻችን ቶሎ የሚመጣልን ሲሚንቶ ነው፤ ፋብሪካው ከወንዙ በላይ ታውቋል። አጋጣሚው ግን ደስ ይላል። ሲሚንቶ የሚሠራው ከበሃ ድንጋይ ነው። በሙገር ሸለቆ ያለው በሃ ድንጋይ ደግሞ በጁራሲክ ዘመን ይህን ምድር ሸፍኖት ከነበረ ባሕር ወለል ላይ የተጠራቀመ ነው። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ቁጭ ብላችሁ ይህን የምታነቡ ካላችሁ፣ ግድግዳችሁ ውስጥ ትንሽ የጁራሲክ ባሕር ሳይኖር አይቀርም።

ባሕሩ ሲያፈገፍግ ወንዞች ተተኩ። ወንዝ ደግሞ የትም ዘመን ላይ ያው ወንዝ ነው፤ ክረምት ላይ ሞልቶ ዳርና ዳሩ ላይ ደለል ይጥላል። ያ ደለል ሌላ ደለል ተጫነው፣ ያንን ሌላ አሸዋ ተጫነው፣ በመጨረሻም ድንጋይ ሆነ። ዕድሜው ወደ 150 ሚሊዮን ዓመት ይጠጋል።

ዳይኖሰሮቹ የተገኙት እዚህ ጭቃ ውስጥ፣ የጀማ ወንዝ በሰሜን ሸዋ በቆረጠው ጥልቅ ሸለቆ ነው። ማርክ ጉድዊንና ሰባት ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1999 ያሳተሙት ጥናት ከዚያ የወጣውን ይዘረዝራል፦ ዓሣ፣ ኤሊ፣ የአዞ ዘመዶች፣ የሥጋ በልና የዕፅ በል ዳይኖሰሮች ጥርስ። ግዙፍ አጽም የለም። እንደ ፊልም አሸዋ በብሩሽ ሲጠረግ ብቅ የሚል የራስ ቅል የለም። ያለው ጥርስና ስብርባሪ ነው።

ለምን ጥርስ? እኛ ጥርስ የምንቀይረው አንዴ ነው፤ የወለቀችውንም ጣሪያ ላይ ወርውረን እንረሳታለን። ዳይኖሰር ግን ዕድሜውን ሙሉ ሲያረግፍና ሲያበቅል ነው የሚኖረው። ጥርስ ደግሞ ከአጥንት ሁሉ ይጠነክራል፤ ጎርፍ ሲያንከባልለው ሌላው ሲደቅ እሱ ይተርፋል። ስለዚህ ወንዝ ዳር የተገኘች የዳይኖሰር ጥርስ የግድ የሞት ምስክር አይደለችም። የምሳ ምስክር ልትሆን ትችላለች። አንድ አውሬ በልቶ፣ ጥርሱ ወልቆ፣ ጉዳዬ ሳይል መንገዱን ቀጥሎ ይሆናል።

እንዲህ ያሉ ጥቃቅን ቅሪቶች የሚለቀሙት ጭቃውን ውኃ ውስጥ እየዘፈዘፉ በወንፊት በማጥለል ነው። ወንፊት፣ ያው የእኛው ወንፊት፤ መርሁ ዱቄት ከሚነፋበት አይለይም። ልዩነቱ የሚፈለገው ያለፈው ሳይሆን ላዩ ላይ የቀረው መሆኑ ነው። ዕድሜውስ እንዴት ታወቀ? የ1999ኙ ጥናት ርዕሱ ላይ ራሱ ይነግረናል፦ ጭቃው ውስጥ ታሽጎ በቀረ የዕፅዋት ብናኝ። የትኛው ብናኝ በየትኛው ዘመን እንደነበረ ከሌላ አገር አለቶች ይታወቃል፤ እዚህ ያለው ከየትኛው ጋር እንደሚገጥም ይታያል። ያ ሁሉ አገር ያስፈራ አውሬ ዕድሜው የሚመሰከርለት በዓይን በማይታይ ብናኝ ነው። ይህን የመሰለ ነገር ልቦለድ ውስጥ ባገኝ «ደራሲው አበዛው» እል ነበር።

የስሞቹ ሰልፍ

ከጎንደር አዲስ አበባ በአውቶቡስ የሄደ ሁሉ የዚህን አለት ቤተሰብ አይቶታል። ደጀን ታልፋላችሁ፣ አባይ በረሃ ይጀምራል፣ ሹፌሩ ማርሽ ይቀንሳል፣ ጆሮ ይደፈናል፣ ሙቀቱ ሲበረታ መጋረጃ ይሳባል። ከመጋረጃው ወዲያ ያለው ከላይ ወደ ታች ሲቆጠር እንዲህ ነው፦ ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ከሥሩ አሸዋ ድንጋይ፣ ከዚያ ጭቃ ድንጋይ፣ ከዚያ በሃ ድንጋይ፣ ከዚያ ጀሶ ያዘሉ ንብርብሮች፣ ወንዙ አጠገብ እንደገና አሸዋ ድንጋይ። ውፍረታቸው ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ ቅደም ተከተላቸው ግን ይህ ነው። ከጥቁሩ ድንጋይ በታች ያሉት በጂኦሎጂ ስማቸው ሲጠሩ ደብረ ሊባኖስ፣ ሙገር፣ አንታሎ፣ ጎሐ ጽዮን፣ አዲግራት ይባላሉ።

ድምፅ አውጥታችሁ በሏቸው እስቲ። ሁሉም የእኛ ስም ነው። የአለት ንብርብር ስም የሚሰጠው በደንብ በታየበት ቦታ ስለሆነ፣ ዳይኖሰር ከነበረበት ዘመን ብዙም ሳይርቅ የተደለደለ አሸዋ ዛሬ የአቡነ ተክለ ሃይማኖትን ገዳም ስም ይዞ ይጠራል። ደስ የሚል ዝምድና ነው። ግን እዚህ ላይ ቆም እንበል። ስሞቹ የእኛ ናቸው፤ ስም አውጪውስ?

አዲግራትንና አንታሎን የአለት ስም ያደረጋቸው ዊልያም ብላንፎርድ የሚባል እንግሊዛዊ ነው። የመጣው እ.ኤ.አ. በ1868 ከጄኔራል ናፒየር ጦር ጋር ነበር፤ መጽሐፉን በ1870 አሳተመ። ያ ጦር ወዴት ይጓዝ እንደነበር ለጎንደር ልጅ አይነገርም። ብላንፎርድ ከላይ ላሉት የእሳተ ገሞራ ድንጋዮች ደግሞ አሸንጌና መቅደላ የሚሉ ስሞች ሰጠ። አሁን አራቱን ከታች ወደ ላይ፣ ከአሮጌው ወደ አዲሱ ደርድሯቸው፦ አዲግራት፣ አንታሎ፣ አሸንጌ፣ መቅደላ። ይህ የምድር ዕድሜ ቅደም ተከተል ነው። የናፒየር ጦር ከሰሜን ወደ ደቡብ ያለፈበት መንገድም ነው። ጂኦሎጂ ተማሪ ለፈተና ብሎ ይህን ዝርዝር ሲሸመድድ፣ ሳያውቀው ወደ አፄ ቴዎድሮስ የመጨረሻ ቀን እየተጓዘ ነው።

ይህን የምለው ስሞቹ ይቀየሩ ለማለት አይደለም። ብላንፎርድ ዓይን የነበረው ሰው ነው፤ ያየው እስከ ዛሬ ያገለግላል። ነገር ግን አንድ አለት እንኳ ስም ሲወጣለት ታሪክ ውስጥ እንደሚገባ ማወቅ ያስፈልጋል። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ደግሞ ሌላ ምዕራፍ ተከፈተ። ጌታነህ አሰፋ የተባሉ ኢትዮጵያዊ ጂኦሎጂስት እ.ኤ.አ. በ1981 ጎሐ ጽዮንን አዲስ ንብርብር አድርገው አስተዋወቁ፤ በ1991 ባወጡት ጥናት ደግሞ ከጁራሲክ ማብቂያ እስከ ክሬታሺየስ መጀመሪያ ያለውን የሰሜን ምዕራብ አምባ ድርድር፣ የሙገርን ጭቃ ድንጋይ ጨምረው፣ ንብርብር በንብርብር ዘረዘሩ። በ1999 ዳይኖሰሮቹ በወረቀት ላይ ሲወጡ ቤታቸው በአንድ የአገር ሰው እጅ ተለክቶ ነበር ማለት ነው።

ታዲያ ለምን አናውቃቸውም? ምክንያቱ ብዙ ነው፤ አንደኛው ግን የሥነ ጽሑፍ ነው። ይህ ሁሉ ሥራ የተጻፈው በእንግሊዝኛ፣ ለባለሙያ፣ በባለሙያ ዘይቤ ነው። በዚያ ዘይቤ ቦታ ማለት ስምና የካርታ ነጥብ ነው። «ጀማ» ይላል፤ ከዚያ ማሽላው፣ ገበያው፣ ገደሉ ላይ የሚውለው ጭላዳ፣ ሰዉ ሁሉ ይጠፋል። ዘይቤው ለዓላማው ትክክል ነው፤ አልወቅሰውም። ክፍተቱ ከእሱ በኋላ መምጣት የነበረበት ሁለተኛ ጽሑፍ አለመምጣቱ ነው። ስሞቹ አማርኛም ትግርኛም ኦሮምኛም ሰምተው ያደጉ ቦታዎች ናቸው፤ ስለእነሱ የሚናገረው ዐረፍተ ነገር ግን ወደ መጡበት ቤት አልተመለሰም።

ትልቅ ነገር መውደድ

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2016 «ምድረ ቀደምት» የሚለውን የቱሪዝም መለያ ስትይዝ፣ የድሮው «የ13 ወር ፀጋ» ጡረታ ወጣ። ሐረጉን እንደ ሐረግ ካየነው ጎበዝ ነው፤ አጭር ነው፣ ግዕዝ ግዕዝ ይሸታል፣ አፍ ይሞላል። ግን «ቀደምት» ለማን ነው የሚቀድሙት? ለእኛ። መለኪያው ሰው ነው። 3.2 ሚሊዮን ዓመት የሆናት ድንቅነሽ ገብታበታለች፣ ቡና ገብቶበታል፣ አባይ ገብቶበታል። 150 ሚሊዮን ዓመት ወደ ኋላ ስትሄዱ ግን ማንንም «የእኛ መጀመሪያ» ማለት አይቻልም፤ ኢትዮጵያ የምትባል የለችም፣ አፍሪካም ገና ከደቡብ አሜሪካ ጋር እንደተጣበቀች ናት። ሐረጉ እዚያ ሲደርስ ትንፋሽ ያጥረዋል። ኩራታችን እኛን ወደማይመለከት ዘመን መሻገር አይችልም።

ድንቅነሽን ራሷን ተመልከቱ። እሷን የወደድናት ስም ስላላት ነው፤ ሁለት ስም እንዲያውም። ቁመት አላት፣ ጾታ ተሰጥቷታል፣ በእንግሊዝኛ የቢትልስ ዘፈን አላት። ብሔራዊ ሙዚየም በሄድኩ ቁጥር ሰው የሚሰበሰበው እሷ ጋ ነው፤ ፎቶ የሚነሳውም እዚያው። አልፈርድም፣ እኔም ተነስቻለሁ። ግን እሷ ያስለመደችን አንድ የአተራረክ ልማድ አለ፦ ጥንት ማለት ፊት ያለው፣ ስም ያለው፣ «የመጀመሪያ» የሚባል ነገር ነው። በ1999ኙ ጥናት ውስጥ ያሉት ዳይኖሰሮች አንዳቸውም የራሳቸው አዲስ ስም አልወጣላቸውም። ከአንዲት ጥርስ ተነስቶ ስም ማውጣት አይመከርም፤ «ከእነ እገሌ ወገን ሊሆን ይችላል» ተብሎ ይቆማል። ስም የሌለው ነገር ደግሞ ፖስተር አይሆንም።

ፊልሙም ድርሻ አለው። እኛ «ጁራሲክ» የሚለውን ቃል የሰማነው ከቪዲዮ ቤት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1993 በወጣው ፊልም። የሚገርመው፣ በዚያ ፊልም ውስጥ ጮኸው ዝነኛ የሆኑት ቲራኖሶረስ፣ ቬሎሲራፕተርና ትራይሴራቶፕስ የጁራሲክ እንስሳት አይደሉም፤ በኋላ በክሬታሺየስ የኖሩ ናቸው። በእውነት የጁራሲክ የሆኑት የጀማዎቹ ናቸው። ከጎናችን ያለው እውነተኛው ጁራሲክ ድምፅ አልነበረውምና አልሰማነውም።

ደግሞ ትልቅ መሆን ሁልጊዜ ዕድል ነው ወይ? በደቡብ ታንዛኒያ ቴንዳጉሩ የሚባል ቦታ አለ፤ አለቱ ከሙገር ጋር ተቀራራቢ ዘመን ያለው፣ የጁራሲክ ማብቂያ ነው። ጀርመኖች አገሩን በቅኝ ይዘው በነበረበት ጊዜ፣ ከ1909 እስከ 1913 እ.ኤ.አ.፣ እዚያ ቆፈሩ። የአገሩ ሰዎች በመቶዎች ተቀጥረው ቆፈሩ፤ አጥንቱንም ተሸክመው በእግር ሊንዲ ወደብ ድረስ አመላለሱ። ዛሬ ከመካከላቸው አንዱ ጂራፋቲታን ተብሎ በርሊን ሙዚየም አዳራሽ ውስጥ ከ13 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ቆሟል። ግሩም ነው፤ ቦታው ግን በርሊን ነው። እንግዲህ ታላቅ አጽም የቀረብን መስሎን ስንቆጭ፣ ታላቅ አጽም ምን ጉዞ ሊያስከትል እንደሚችልም እናስታውስ። ወንፊት ላይ የቀረች ጥርስ ለድል ሐውልት አትመችም። ይህን እንደ ጉድለት ብቻ ማየት አልችልም።

መካነ ብርሃን ላይ ዳይኖሰር አለ ወይ?

እኔ የመካነ ብርሃን ልጅ ነኝ፤ ጃናሞራ፣ ሰሜን ጎንደር። ስለዚህ ጉዳይ እየጻፍኩ ነው ስል አገር ቤት ያሉት መጀመሪያ የሚጠይቁኝ «እኛ ጋስ አለ?» ነው። ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ ቀጥተኛ መልስም አለው። አጥንቱ የለም፤ ቢኖርም ከሥር ነው።

የሰሜን ተራሮች ከላይ እስከ ታች የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ናቸው። ይህ ቅልጥ ድንጋይ በአመዛኙ የፈሰሰው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው፤ አንዱ ፍሳሽ በሌላው ላይ እየተደረበ። ገደሎቹ ላይ እንደ ደረጃ የሚታየው እርከን የዚያ ድርብርብ ነው። ከወፎች በቀር ዳይኖሰሮች የጠፉት ደግሞ ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው። ስለዚህ ራስ ዳሸን ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የቆመው ዳይኖሰሮች ከጠፉ ከሠላሳ ሚሊዮን ዓመት በላይ ዘግይቶ በፈሰሰ ድንጋይ ነው። አባይ በረሃ ላይ ወንዙ ይህን ጥቁር ክዳን ቆርጦ ድስቱ ውስጥ ያለውን አሳየን። የእኛ አገር ክዳን ግን ወፍራም ነው፤ መካነ ብርሃን የምትኖረው ክዳኑ ላይ ነው።

ክዳኑ ከተገጠመ በኋላስ? እዚህም ጎንደር የራሷ ታሪክ አላት። ከጎንደር ከተማ በስተ ምዕራብ ያለችው ጭልጋ 27 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆነው ቅሪተ አካል አላት፤ ጆን ካፕልማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2003 ኔቸር በተባለው ጆርናል ላይ አውጥተውታል። የዝሆን ዘመዶች አሉበት፤ አፍንጫው ላይ ሁለት ግዙፍ ቀንዶች ጎን ለጎን የተተከሉለት አርሲኖይቴሪየም የሚባል እንስሳም አለበት፤ የጭልጋው ዝርያ ግዝፈቱ ታይቶ «ጊጋንቲየም» ተብሏል። ይኸው ትልቅ ነገር፣ ይኸው ስም ያለው ነገር! ለእኔ ግን ጎንደር ውስጥ ከፋሲል ግንብ ትንሽ ራቅ ብሎ እንዲህ ያለ አውሬ እንደነበረ የነገረኝ መምህር አልነበረም። ያነበብኩት አድጌ፣ በእንግሊዝኛ ነው። የሰው ታሪክ በበዛበት አገር የድንጋዩ ታሪክ ተራ አይደርሰውም መሰለኝ።

ዳይኖሰርስ? «ከወፎች በቀር» ያልኩትን ልብ በሉልኝ። ወፎች ከሥጋ በል ዳይኖሰሮች ወገን የወጡ ናቸው፤ ይህ ዛሬ ጥያቄ ምልክት አያስፈልገውም። በእኛ ገደል ላይ የሚያንዣብበው፣ አጥንት ከሰማይ ለቆ ድንጋይ ላይ ሰብሮ መቅኔውን የሚበላው ትልቁ አሞራ የዚያ ቤት ልጅ ነው። «እኛ ጋ አለ?» ላለኝ መልሴ ይህ ነው፦ ቀና በል።

የዘመኑ ቁጥር ግን ለሁሉም አይዋጥም። ይህን ስተርክ መሪጌታ የሆኑት አጎቴ በዝምታ ሰምተው «አንተ ልጅ፣ 150 ሚሊዮን አልክ። ማን ቆጠረው?» አሉኝ። ከእኛ ቤት ዓመተ ዓለም የሚቆጠረው በሺህ ነው፣ በሚሊዮን አይደለም፤ እሳቸውም እኔም እናውቃለን። ከተማ ላይ ቢሆን ይህ ጥያቄ ይሳቅበት ይሆናል። እኔ ግን እንደ ሐያሲ ስሰማው ከሰማኋቸው ጥያቄዎች ሁሉ የተሻለው ሆኖ አገኘሁት። «ማን ቆጠረው?» ማለት «ምንጩን አሳየኝ» ማለት ነው። ስለ ብናኙ ነገርኳቸው፣ ስለ ወንፊቱም። አልተቀበሉኝም፣ አላባረሩኝምም። «ይሁን፣ እሱን ጻፈው፤ እንዴት እንደተቆጠረ ሳትጽፍ ቁጥሩን ብቻ እንዳትጽፍ» አሉኝ። ስለ ጥንት የሚጽፍ ጋዜጠኛ ሁሉ ይህን ምክር ግድግዳው ላይ ቢለጥፈው አልጠላም።

ጥያቄውን የሚችል ቋንቋ

«አማርኛ ለሳይንስ አይመችም» የሚል ወሬ አለ። ቃል ይጎድለዋል ማለታቸው ከሆነ፣ ቃል ይለመዳል፤ «ጀሶ»፣ «በሃ ድንጋይ»፣ «ወንፊት» አሉ፣ «ዳይኖሰር»ም ገብቶ ተቀምጧል። ሙገር የሚፈልገው ግን ከቃል በላይ ነው፤ እርግጠኝነትን በልኩ የሚመዝን ዐረፍተ ነገር ይፈልጋል። አማርኛ ደግሞ በዚህ ሀብታም ነው። «ነው» አለ። ትንሽ ዝቅ ሲል «ሳይሆን አይቀርም» አለ። ዝቅ ሲል «ይመስላል»፣ ዝቅ ሲል «ይሆናል»፣ ዝቅ ሲል «ይሆን?»። ከሌላ የሰማነው ሲሆን ዐረፍተ ነገሩ ጫፍ ላይ «አሉ» እንላለን፣ ኃላፊነቱም ከትከሻችን ይወርዳል። አያቶቻችን ተረት ሲነግሩን እንኳ ይህን ያውቁ ነበር። «የዓለም የመጀመሪያው!» እያልን ሼር ስናደርግ ግን ይህን ሁሉ ደረጃ ትተን ላይኛዋ እርከን ላይ ብቻ ቆመን እንጮሃለን።

ከዚያም በላይ አንድምታ አለ። ላይ ቤትና ታች ቤት እየተባለ ጎንደር ላይ የተስፋፋው የመጻሕፍት ትርጓሜ ትምህርት የግዕዙን ንባብ በአማርኛ ሲፈታ አንድ ፍች ሰጥቶ አይዘጋም። «አንድም» ይላል፣ ሌላ ፍች ያመጣል። እንደገና «አንድም»። ወጣት አንባቢ ይህን የቤተ ክህነት ጉዳይ ብቻ አድርጎ ሊያልፈው ይችላል። እኔ ግን ከተማሩ ሰዎች አፍ ለዘመናት ሲነገር የኖረ፣ ብዙ ንባብን አንድ ገጽ ላይ ማኖር የቻለ የአማርኛ ስድ ንባብ አድርጌ ነው የማየው።

ልዩነቱን ግን መደበቅ የለብኝም። አንድምታ ላይ ፍቾቹ ተከባብረው አብረው ይኖራሉ፤ አንዱ ሌላውን ማስወጣት የለበትም። የቅሪተ አካል ጥናት ላይ ግን «አንድም»ዎቹ ተፎካካሪ ናቸው፤ ነገ ሌላ ጥርስ ወንፊት ላይ ትቀርና አንዱ ይወድቃል። የፔራሙራ ጥያቄ ምልክት እዚያ የቆመችው እንድትነሳ ተስፋ ተደርጎ ነው። ቢሆንም እስክትነሳ ድረስ ማን ይሸከማታል? አንድ ፍች ብቻ የለመደ ቋንቋ አይችላትም። «አንድም» ማለት የሚያውቅ ግን ይችላል።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ ስድስቱን ጸሐፊዎችም ልነካካ። «የመጀመሪያው» የሚለውን ቃል ርዕሳቸው ላይ ያስቀመጡት እነሱ ናቸው። ሳይንስም ይሸጣል፤ ጆርናልም እንደ ዜና «የመጀመሪያ» ይወዳል። ከዚያ ጭቃ ለወጣ ነገር ግን «የመጀመሪያው» ማለት ትርጉሙ ቀጭን ነው። የመጀመሪያው አጥቢ አይደለም፤ እኛ ያየነው የመጀመሪያው ነው። የዚያ ዘመን አጥቢዎች አብዛኞቹ አይጥ የሚያካክሉ ነበሩ፤ ከዳይኖሰር እግር ሥር እየተሽሎከለኩ የኖሩ። ፔራሙራ ደግሞ እናንተና እኔ ከወጣንበት የአጥቢዎች ግንድ አጠገብ የሚመደብ ወገን ነው። «ምድረ ቀደምት» የሚለው ሐረግ ይህን ቢያውቅ ወዲያው ይዘላል፤ «የአያቶቻችን አያት ኢትዮጵያዊ ነበር» ይላል። ያቺ ትንሽ ምልክት ናት የምታስቆመው። ስለዚህ ርዕሱ ውስጥ ካሉት ሁለቱ ኃይሎች አንዷን ምረጥ ብባል፣ እሷን ነው የምመርጠው።

አማርኛ የራሱ ጥያቄ ምልክት እንደነበረው ታውቃላችሁ አይደል? ሦስት ነጥብ፣ አንዱ በአንዱ ላይ፦ ፧። ዛሬ የሚጠቀምባት የለም ማለት ይቻላል፤ ስልኮቻችን የግዕዝ ኪቦርድ ላይ ግን አሁንም ተደብቃ አለች። ንብርብር ትመስላለች። አንድ ሙዚየም ያቺን ጥርስ ወይም ግልባጯን መስተዋት ውስጥ አስቀምጦ መግለጫ ጻፍልኝ ቢለኝ፣ እንዲህ ብዬ እጽፍለታለሁ፦

«የአጥቢ እንስሳ ጥርስ። ከሙገር ጭቃ ድንጋይ። ዕድሜዋ ወደ 150 ሚሊዮን ዓመት፤ የቆጠረው ጭቃው ውስጥ የቀረ የዕፅዋት ብናኝ ነው። ዳይኖሰሮች ጥርሳቸውን በሚያረግፉበት ወንዝ ዳር ኖራለች። አንድም ከፔራሙራ ወገን ናት፤ አንድም ገና ካላወቅነው ከሌላ። ቀሪው አካሏ የት ይሆን፧»